ባልንጀራ፣ ይሉኝታና የወጣት ፈቃድ

ወጣት በጓደኞቹ ግፊት ለሠራው ሥራ ተጠያቂው ማን ነው? እርሱ ወይስ የገፉት? ይህ ጥያቄ ሃይማኖትንም ፍልስፍናንም ሲያነጋግር የኖረ ነው። ሰው ነጻ ፈቃድ አለው ከተባለ የጓደኛ ግፊት ሰበብ አይሆንም፤ ጠባይ የሚቀረጸው በአብሮ ውሎ ነው ከተባለ ደግሞ ልጁን ብቻ ነጥሎ መኰነን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ የጎንደር ከተማና የሰሜን ጎንደር ደጋ ጥሩ ማሳያ ናቸው። በዚያ ምድር ያው የእኩያ ግፊት ሊቅ ያፈራል፤ ነፍሰ ገዳይም ያፈራል።

ሕፃን በመጀመሪያ የሚፈራው የወላጁን ቁጣ ነው። ዕድሜው ወደ 12 እና 13 ሲጠጋ ግን ከቁጣው የእኩያ ሳቅ ይብስበታል። በደጋው ገጠር ይህ ለውጥ የሚታየው በእረኝነት ነው። ከብት አብረው የሚጠብቁ ልጆች ተራ ያወጣሉ፤ ማሳ ያስበላውን ይቀጣሉ፤ ለቡሄ ጅራፍ ገምደው ይገራረፋሉ፤ ለገና ቡድን ለይተው ይገጥማሉ። በጅራፉ ያለቀሰ ልጅ እስከ ሌላው ቡሄ ድረስ መሳለቂያ ሆኖ ሊከርም ይችላል። ድፍረትንም፣ ቃል መጠበቅንም፣ ይሉኝታንም የሚማረው አዋቂ በሌለበት በዚያ መስክ ነው።

የሥነ ልቦና ጥናትም ይህን ያጠናክራል። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ከ13 እስከ 16 ዓመት የሆኑ ታዳጊዎችን፣ ከ18 እስከ 22 የሆኑ ወጣቶችንና ከዚያ በላይ የሆኑ አዋቂዎችን በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ ፈትነዋል። ታዳጊዎቹ እኩዮቻቸው አብረዋቸው ሲሆኑ ለብቻቸው ከሚሆኑበት ጊዜ ይልቅ ለአደጋ ደፈሩ፤ በአዋቂዎቹ ላይ ግን የጓደኛ መኖር ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሰሎሞን አሽ የመስመሮችን ርዝመት በማወዳደር ባደረገው ሙከራ፣ ሌሎቹ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ ብዙ ሰዎች ዓይናቸው እያየ አብረው ተሳስተዋል። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር ግን ስሕተታቸው በእጅጉ ቀንሷል። ብዙኃኑን ለመቋቋም አንድ አጋር ብዙ ያግዛል ማለት ነው።

ግፊትን ለበጎ በማዋል ረገድ የአብነት ትምህርት ቤት የረጅም ዘመን ልምድ አለው። የቆሎ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጆቹ መንደር ርቆ ይሄዳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። የሚያድረው ከጓደኞቹ ጋር በሠራት ጎጆ ነው፤ ያገኘውንም አብሮ ይበላል። አባትና እናት በሌሉበት ወላጁም ዳኛውም ባልንጀራው ነው። በቅኔ ቤት፣ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ቀን ለብቻው ጥግ ይዞ ቅኔ ሲቆጥር ይውልና የቆጠረውን በጓደኞቹ ፊት ይነግራል። ጀማሪውን የሚያርመው ብዙ ጊዜ አስነጋሪ የሚባለው የቀደመው ተማሪ ነው። የአቋቋም ምስክር ቤት በሆነችው በጎንደር በዓታ ለማርያም ደግሞ ተማሪዎች ትይዩ ቆመው መቋሚያ ይዘው ሲዘምሙ አንዱ ጽናጽሉን ቢያስቀድም ወይም ቢያዘገይ ስሕተቱ ከማንም አይሰወርም።

ይህ ከባድ ግፊት ልጁን የማይሰብረው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ግፊቱ ዓላማ አለው፤ በላዩም መምህር አለ። ሁለተኛ፣ መውጫ አለው፤ ያልተስማማው ተማሪ አኩፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላ መምህር ቢሄድ አያስነውረውም። ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት የቅኔ ሕግ ራሱ ነው። የሌላውን ቅኔ ደግሞ የሚያቀርብ ተማሪ ይናቃል፤ ጉባኤው ከእያንዳንዱ የሚጠብቀው ማንም ያላለውን አዲስ ምሥጢር ነው። ስለዚህ የእኩዮች ዓይን ተማሪውን ወደ መመሳሰል ከመጎተት ይልቅ የራሱን እንዲያመጣ ያስገድደዋል።

ተማሪ ቤትም ቢሆን ከጥፋት ነጻ አይደለም። አእምሮ ይከፍታል ተብሎ የሚጠጣው አብሾ በተማሪዎች ዘንድ ሲነገር የኖረ ነገር ነው፤ አንዳንዱን ለዕድሜ ልክ እንደሚያሳብድም አብሮ ይነገራል። አብሾ የሚተላለፈው ከጓደኛ ወደ ጓደኛ፣ በድብቅ ነው። በጉባኤ ፊት የሚታየው ግፊት ዕውቀት ሲሆን፣ ከመምህሩ ዓይን የተሰወረው ግፊት ጉዳት ሆኗል።

የግፊቱ ክፉ ገጽ ጎልቶ የሚታየው በደም መመለስ ነው። ዘመዱ የተገደለበት ወጣት ጠመንጃ የሚያነሣው ገዳዩን ስለጠላ ብቻ አይደለም። በለቅሶ ቤት ሙሾው ደም መላሽ የሌለውን ቤተሰብ ያዋርዳል፤ በድግስ ላይ እኩዮቹ ሲፎክሩ እርሱ አንገቱን ይደፋል፤ በጠላ ቤት ሽሙጥ ይወረወርበታል። በግልጽ «ግደል» የሚለው ላይኖር ይችላል፤ ዝም ብሎ መኖር ግን ያስፈራዋል። እዚህ ላይ መመሳሰል ብቸኛው የወንድነት መለኪያ ሆኗል፤ መውጫውም ተዘግቷል። ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ፣ ካህናትም መስቀል ይዘው ሲገቡበት፣ ዕርቁ የሚያደርገው ትልቅ ነገር ይህን መውጫ መክፈት ነው። የደም ካሣ ተከፍሎ፣ መሐላ ተፈጽሞ፣ አገር ሰምቶ «ይብቃ» ከተባለ በኋላ ወጣቱ ጠመንጃውን ቢሰቅል ፈሪ የሚለው የለም። ይሉኝታን ያሸነፈው ሌላ ይሉኝታ፣ ማለትም የሽማግሌ ክብር ነው።

በሴቶች ልጆች ላይ ያው ግፊት «ቆማ ቀር» በሚል ስድብ ይመጣል። እኩዮቿ ሲዳሩ ያልተዳረች ልጅ እርሷም ወላጆቿም ይታማሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ የተጀመረው የብርሃነ ሔዋን ፕሮግራም ልጃገረዶችን ከመካሪ ሴቶች ጋር በቡድን አሰባስቦ፣ ለትምህርት እያገዘ፣ ልጃቸውን በፕሮግራሙ ጊዜ ላልዳሩ ቤተሰቦች የቤት እንስሳ ይሰጥ ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ዘንድ ያለዕድሜ ጋብቻ በጣም ቀንሷል። የታማችው ልጅ እንደ እርሷ ያልተዳሩ ጓደኞች አገኘች፤ ወላጆቿም ለጎረቤት የሚሰጡት ምክንያት አገኙ።

ስለ ተጠያቂነት ሃይማኖቶች ሁለቱንም ጎን ይይዛሉ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክ እሳትና ውኃ በሰው ፊት እንደቀረቡና እጁን ወደ ወደደው እንደሚሰድድ ያስተምራል፤ ያው መጽሐፍ ግን ከትዕቢተኛ ጋር የሚውል እርሱን እንደሚመስል ያስጠነቅቃል። እስልምናም እያንዳንዱ ነፍስ ስለ ሥራው እንደሚጠየቅ እያስተማረ፣ በሐዲስ መልካም ጓደኛን ከሽቶ ሻጭ፣ ክፉውን ወናፍ ከሚነፋ ቀጥቃጭ ጋር ያነጻጽራል። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ስለሰረቀው የፒር ፍሬ ሲጽፍ ብቻውን ቢሆን እንደማያደርገው አምኗል፤ ኃጢአቱን ግን የእኔ ነው ብሏል።

ሕጉም ወደዚሁ ያዘነብላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች የሆነውን ልጅ ተጠያቂ አያደርግም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለው ልዩ እርምጃና ቅጣት ይደነግጋል፤ ከ15 እስከ 18 ባለው ላይ ፍርዱን ማቅለል ይፈቅዳል። ሌላውን ለወንጀል ያነሣሣን ሰውም በአነሣሽነት ይቀጣል። የገፋው ጥፋቱን በተገፋው ላይ ብቻ ጭኖ ነጻ አይወጣም።

ስለዚህ ፍርዱ ይህ ነው። ወጣቱ እሺ ስላለበት መጠን ይጠየቃል፤ የገፋው ደግሞ የእሺታውን ዋጋ ስላስወደደበት መጠን። ሽማግሌ፣ መምህርና ወላጅ ግን ከሁለቱም የሚበልጥ ዕዳ አለባቸው፤ «አልፈልግም» ማለት የማያዋርድበትን መንገድ መክፈት ከአቅማቸው በላይ አይደለምና። ልጅን ከእኩያ መነጠል አይቻልም፤ አይገባምም። የሚቻለውና የሚገባው የእኩዮቹ ሸንጎ እንደ ቅኔ ጉባኤ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ በታላቅ ፊት የሚዋልበት፣ ሲያስፈልግ ተነሥቶ መሄድ የማያስነውርበት፣ እያንዳንዱም የራሱን ይዞ እንዲመጣ የሚጠበቅበት።