በማኅፀን ያለው ወንድማችን



ባለፈው ዓመት በቡና ለቀማ ወራት አንዲት እህታችን ከመዝሙር ልምምድ ቀረች። ለምን እንደቀረች ሁላችንም ሰምተናል፤ ማርገዟ ተወርቶ ነበር። ወሬውን በሹክሹክታ ተቀባበልነው እንጂ አንዳችንም ደጇ ድረስ ሄደን አልጠየቅናትም። በዚያው ሰሞን ስለ ሕይወት ክቡርነት ተወያይተን በአንድ ቃል ተስማምተን ወጥተናል። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ያልተወለደው ሕፃን ክቡር ነው ብለን ካመንን፥ እምነታችን ከእኛ ምን ይጠይቃል?

አስቀድመን እምነቱን እንመልከት። በአገራችን የበዓላት አቆጣጠር የጌታ ፅንሰት መጋቢት 29፥ ልደቱ ደግሞ ታኅሣሥ 29 ቀን ይታሰባል። ጳጉሜን ስንጨምር ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይሆናል። አባቶቻችን የአምላክን ሰው መሆን መቁጠር የጀመሩት ከቤተ ልሔም በረት ሳይሆን ከናዝሬት ብሥራት ነው ማለት ነው። እኛ የጅማ፥ የአጋሮና የሊሙ ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ቡናው በበልግ ዝናብ ነጭ አበባ ያወጣል፤ የሚለቀመው ግን ከወራት በኋላ ነው። አበባውን ያረገፈ ሰው «ገና ቡና አልሆነም» ቢል የትኛው ገበሬ ይሰማዋል? ሰው ደግሞ ከቡና እጅግ ይበልጣል፤ የቡና ዋጋ በገበያ ሲወሰን የሰው ዋጋ ግን ከፈጣሪው ነው።

በሉቃስ ወንጌል እንደተጻፈው፥ እመቤታችን ኤልሳቤጥን በጎበኘች ጊዜ በማኅፀን የነበረው ዮሐንስ በደስታ ዘለለ። ያልተወለደ ሕፃን ላልተወለደው ጌታ ምስክር ሆነ። ቤተ ክርስቲያንም ዲዳኬ ከተባለው የጥንት መጽሐፍ ጀምሮ ፅንስ ማጥፋትን ስትቃወም ኖራለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1958 ዓ.ም.፥ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1987 ዓ.ም. «የሕይወት ወንጌል» በተባለው መልእክታቸው ይህንኑ አጽንተዋል።

በዩኒቨርሲቲ ጓደኞቻችን «ነፍስ መቼ እንደምትገባ ማን ያውቃል?» ይሉናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ቅዱስ ቶማስ አኵይናስ የግሪኩን ፈላስፋ አሪስቶትልን ተከትሎ፥ ነባቢት ነፍስ ቆይታ ትመጣለች ይል ነበር፤ ፅንስ ማጥፋትን ግን ኃጢአት ብሎታል። ቤተ ክርስቲያንም በ1967 ዓ.ም. ባወጣችው መግለጫ የነፍስን መግቢያ ጊዜ አልወሰነችም፤ ነገር ግን ጥርጣሬ ፈቃድ እንደማይሆን አስረድታለች። በቡና ጫካ ውስጥ የጥላ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ከሥር ለቃሚ ይኑር አይኑር ካላወቀ፥ ድምፁን አሰምቶ ይጠብቃል እንጂ «አላየሁም» ብሎ ዛፉን አይጥልም።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የአገራችን የወንጀል ሕግ፥ በአንቀጽ 551፥ እንደ መደፈር ባሉና የእናት ሕይወት አደጋ ላይ በሚወድቅባቸው ሁኔታዎች ፅንስ ማቋረጥን አያስቀጣም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከዚህ ይለያል። ይሁንና በጠና ለታመመች እናት የሚያስፈልገውን ሕክምና፥ ለምሳሌ በካንሰር የተያዘ ማኅፀን ማውጣትን፥ የሕፃኑ ሞት ሳይፈለግ ቢከተልም እንኳ አትከለክልም። የተደፈረችን ልጅ ሸክም ግን በአንድ ቃል የምናቃልል መስሎን ብንናገር ድፍረት ይሆንብናል። ሸክሙ ከባድ ነው ካልን፥ አብረን መሸከም አለብን።

ወንድሞችና እህቶች፥ ጌታ ራሱ በማኅፀን ሳለ እናቱ ለሐሜት የተጋለጠች ነበረች። ዮሴፍ በስውር ሊተዋት አስቦ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ ቤቱ ወሰዳት። ያልተወለደው የተጠበቀው እናቱን የሚቀበል ቤት በመገኘቱ ነው። እኛ ግን እናቲቱን በዓይናችን እያባረርን ለልጇ እንሟገታለን። አንዲት ልጅ ፅንሷን ለማጥፋት የምትወስነው ብዙ ጊዜ ሕይወትን ንቃ ሳይሆን እኛን ፈርታ አይደለምን? የአባትን ቁጣ፥ የጎረቤትን አፍ፥ የሰንበት ትምህርት ቤትን ጀርባ! ያስረገዛትን ወጣት ስም ደግሞ ማንም አያነሣም፤ እርሱ ከመዘምራን ጋር ቆሞ ይዘምራል።

ይህን ኃጢአት ለፈጸመችም በሩ አልተዘጋም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2009 ዓ.ም. ካህናት ሁሉ ከዚህ ኃጢአት እንዲፈቱ ሥልጣን ሰጥተዋል። ካህኑ ይቅር ያላትን እኛ ማን ሆነን እንይዛታለን?

እህታችን እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ትውለድ አትውለድ እንኳ በርግጥ አናውቅም፤ ይህ አለማወቃችን ራሱ ይከሰናል። ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂቶቻችን ወደ ቤቷ እንሄዳለን። የምንሄደው ልንመክራት ሳይሆን ይቅርታ ልንጠይቃት ነው። አብሮን መምጣት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ።

ሕይወትን የሰጠን አምላክ ሕይወትን የምናከብርበትን ልብ ይስጠን። አሜን።