ስማቸውን የማናውቃቸውን አባቶች ስለ ማክበር

አባትንና እናትን እንድናከብር የሚያዘውን አራተኛውን ትእዛዝ ልጆቻችን ገና በለጋ ዕድሜያቸው በትምህርተ ክርስቶስ ይማሩታል። ቤተ ክርስቲያንም ይህ አክብሮት ለአያቶችና ለቅድመ አያቶች ጭምር እንደሚገባ ታስተምራለች። ነገር ግን እስከ የት ድረስ ይዘልቃል? ስማቸውን ለምናውቃቸው ብቻ ነውን? ወይስ ስማቸውም፣ ቋንቋቸውም፣ መቃብራቸውም ለጠፋብን ጭምር? በድሬዳዋ ለምንኖር ምእመናን ይህ የመጻሕፍት ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ልጆቻችንን ይዘን በእግር ልንደርስበት በምንችል ተራራ ላይ ይጠብቀናል።

ከዚራንና መጋላን የሚለየውን የደቻቱን ወንዝ ተከትሎ ወደ ደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ ከወንዙ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በኖራ ድንጋይ ገደል ላይ የተከፈተ ዋሻ ያገኛል። ፖርክ ኤፒክ ይባላል፤ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ይህን ዋሻ ለተመራማሪዎች ያስተዋወቁት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበሩት አባ ቴያር ደ ሻርዳንና ጸሐፊው አንሪ ደ ሞንፍሬ ናቸው። በ1933 ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ ካህን አባ አንሪ ብረይ ከባልደረባቸው ጋር የመጀመሪያውን ቁፋሮ አካሄዱ፤ የሰው የታችኛው መንጋጋ ስባሪም ተገኘ። ከ1974 እስከ 1976 ቁፋሮው በሌሎች ተመራማሪዎች ቀጥሏል።

ከዚያ አፈር ከወጡት ነገሮች መካከል በተለይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ አለ። ይኸውም ቀይና ቢጫ ቀለም የሚሰጥ ብረት አዘል ድንጋይ ነው። ተመራማሪዎች 4,213 ቁርጥራጭ ቆጥረዋል፤ ክብደቱ 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ድንጋዩ የተፈጨባቸው ወፍጮዎችና መጆችም አብረው ተገኝተዋል። ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ይህ የቀለም መፍጨት ሙያ በዚያው ዋሻ ቢያንስ ለ4,500 ዓመታት ሳይቋረጥ እንደ ቀጠለ ጥናቱ ያስረዳል። ይህ ከአባታችን ከአብርሃም ዘመን እስከ ዛሬ ከተቆጠረው ዘመን ይረዝማል። ልጅ አጠገብ ተቀምጦ የታላቁን እጅ እያየ ካልተማረ በቀር፣ እንዲህ ያለ ሙያ ይህን ያህል ዘመን ሊዘልቅ አይችልም። እንግዲህ በዚያ ዋሻ አስተማሪ ነበረ፤ ተማሪም ነበረ። የተቀበሉትን ለሚቀጥለው ማስረከብ የወላጅና የካቴኪስት ሥራ መሆኑን ለምናውቅ ለእኛ እነዚህ ሰዎች ፍጹም እንግዶች አይደሉም።

በዋሻው ደጃፍ የቆመ ሕፃን፦ «እነዚህም የአዳም ልጆች ናቸውን? እግዚአብሔር ያውቃቸው ነበርን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄውን ፈርቶ ዝም ማሰኘት አይገባም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስተማረው፣ የቅዱሳት መጻሕፍትን መልእክት ለመረዳት የተጻፉበትን የአነጋገር ዓይነት ማስተዋል ያስፈልጋል። በመሆኑም ኦሪት ዘፍጥረት ሰው ከማን እንደ ሆነና ለምን እንደ ተፈጠረ የሚያስተምር እንጂ የዘመን መቁጠሪያ ሠንጠረዥ አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛም እ.ኤ.አ. በ1950 ስለ ሰው አካል አመጣጥ የሚደረገውን ምርምር አልከለከሉም፤ ነፍስን ግን በቀጥታ የሚፈጥር እግዚአብሔር ራሱ መሆኑን አጽንተዋል። ስለዚህ ለሕፃኑ፦ «አዎን ልጄ፣ ሰዎች ነበሩ፤ ፈጣሪያቸውም ያውቃቸዋል» ብለን ያለ ሥጋት ልንመልስለት እንችላለን።

ይሁን እንጂ አንድ ሰው፦ «ዘራችን ላልሆኑ ሰዎች ምን ዕዳ አለብን?» ሊል ይችላል። በከተማችን የአባቶችን ስም መቁጠር የታወቀ ነው። ሶማሌውና ኦሮሞው ልጁን የአባቶቹን ስም በቃል እያስጠና ያሳድጋል፤ አማራውም እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ሰው ያለ ወላጅ ከመሬት እንዳልበቀለ ያስታውሳልና። ነገር ግን ቆጠራው መለያያ አጥር የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። የማንኛችንም ቆጠራ ወደ ዋሻው አይደርስም፤ ከዚያ ሳይደርስ ይቆማል። ማንም ተነሥቶ «ቀለሙን የፈጩት የእኔ አባቶች እንጂ የአንተ አይደሉም» ሊል አይችልም። እኛ እንደሚመስለን፣ ዕዳው የሁላችንም የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ወላጆቹ ያልታወቁ ሕፃን በመንደር ቢገኝ የማንም አይደለም ተብሎ አይጣልም፤ ይልቁንም መንደሩ ሁሉ ኃላፊነት አለበት። ስማቸው የጠፋ ሙታንም እንደዚሁ ናቸው።

ታዲያ ይህ አክብሮት በተግባር ምን ይመስላል? በዋሻው ግድግዳ ላይ የጥንት ሰዎች ሥዕሎች አሉ፤ ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በለጋ ኦዳም ከብቶችንና ሰዎችን የሚያሳዩ እጅግ ብዙ ሥዕሎች ይገኛሉ። በእነዚህ ላይ ስሙን በከሰል ወይም በምስማር የሚጽፍ ሰው፣ ስም ሳይተዉ ያለፉትን በራሱ ስም ይሸፍናል። ለማስታወሻ ብሎ አንዲት ድንጋይ በኪሱ የሚከትም ሰው ቀላል ነገር ያደረገ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ድንጋዪቱ የምትመሰክረው ባለችበት የአፈር ንጣፍ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትሆን ነው፤ ከቦታዋ ከተነሣች ወዲያ ዘመኗን የሚነግርላት የለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ለክርስቲያን ግን ሕጉ ባይኖርም ኅሊናው በቂ ነው፤ ሙታን ለራሳቸው ሊከራከሩ አይችሉምና።

ስለዚህ ወላጆችና ካቴኪስቶች፣ ልጆችን ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ ስትወስዱ ከሚመለከተው ክፍል ፈቃድ ጠይቁ፤ ልጆቹም በዐይናቸው እንዲያዩ እንጂ በእጃቸው እንዳይነኩ አስተምሩ። ምንም ሳይወስዱና ምንም ሳይጽፉ ሲመለሱ፣ ውለታውን ሊመልስላቸው ለማይችል ሰው መልካም ማድረግን ተምረዋል። ይህን የተማረ ልጅ በቤቱ ያሉትን ሽማግሌዎችም፣ ከእርሱ በኋላ የሚወለዱትንም ማክበር አይከብደውም።