የፈሩት ይደርሳል?

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይላሉ አበው። ለመሆኑ በሽታም ስለፈሩት ይመጣልን?

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉኒያ ድሬዳዋ ገብቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ታመዋል። በሽታውን ያመጣው ክፉ ሐሳብ ሳይሆን፣ በየቤቱ በተጠራቀመ ውሃ የምትራባ ትንኝ ናት። እምብዛም አይገድልም፤ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ግን ወራት ሊዘልቅ ይችላል። ሐሳብ ሥራውን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በታይዋን ገበያ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሸጥ ሰው ጉልበቱ አልታጠፍ ሲለው፣ «ሽባ ሆኜ ልቀር ነው፤ ልጆቼን ማን ያበላልኛል?» ቢል አይፈረድበትም። ይሁንና ፍርሃቱ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ጡንቻውን ያኮማትረዋል፤ ቀልቡን ከጉልበቱ ላይ ይተክለዋል። ሕመሙም ይብስበታል።

ሐኪሙ ዋልተር ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1961 ይህን መሰሉን ነገር «ኖሲቦ» ብሎታል። መድኃኒትነት የሌለው ክኒን የዋጡ ሰዎች እንኳ፣ «ራስ ያሳምማል» ተብለው ከነበረ ራሳቸውን የሚያማቸው ጥቂት አይደሉም። ማስመሰል አይደለም፤ በእርግጥ ያማቸዋል።

እንግዲህ በሽተኛውን «አታስበው» ብሎ መገሠጽ ሌላ ሸክም መጨመር ነው። ፍርሃቱን ብቻውን አላፈራውም። «እከሌም እንዲሁ ጀምሮት ነው የቀረው» የምንለው እኛ ጠያቂዎቹ ነን። እንዋሸው ማለትም አይደለም። «ያማል፣ ይቆያል፤ አብዛኛው ሰው ግን ይድናል፤ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሂድ» ብንለው እውነትም ነው፣ መጽናኛም ነው።

ፍርሃት በሽታን አይወልድም፤ የመጣውን ግን ያከብዳል። ጠያቂም ብርቱካኑን ሲመርጥ ቃሉንም አብሮ ይምረጥ።