ልጆችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለ መውሰድ

ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ ማስገደድ ይገባቸዋልን? ወይስ አድገው በገዛ ፈቃዳቸው እስኪመጡ ድረስ መተው ይሻላል? ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ሃይማኖታቸውን ችላ ያሉ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ልጃቸው በሰንበት ማለዳ አልነሣም እያለ ያስጨነቃቸው ደጋግ እናቶችም ናቸው። ስለዚህ በተግሣጽ ብቻ ልናልፈው አይገባንም።

«አድጎ ራሱ ይምረጥ» ለሚሉት መልሱ አጭር ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ሲጠመቁ ፈቃዳቸውን የጠየቀ የለም፤ ሰይጣንን ክደው ሃይማኖትን የመሰከሩላቸው የክርስትና አባትና የክርስትና እናት ናቸው። ፊደል እንዲቈጥር ስንልከውም ልጁን አናማክረውም። ታዲያ የነፍሱን ነገር ብቻ ለምርጫው የምንተወው ስለ እርሱ ነጻነት አስበን ነው ወይስ ስለ ገዛ እንቅልፋችን?

ሐና ሳሙኤልን ጡት ባስጣለችው ጊዜ ወደ ሴሎ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ይዛው ወጣች፤ ይሁን እንጂ ወስዳ አልተወችውም። በየዓመቱ ለመሥዋዕት ስትወጣ ታናሽ መደረቢያ እየሠራች ታመጣለት እንደ ነበር በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 2 ቍጥር 19 ተጽፎአል። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አንብበን እናልፈዋለን። ልጅ ያድጋልና የአምናው ልብስ ዘንድሮ ይጠበዋል፤ እናቲቱም ቁመቱን በልቧ እየገመተች አዲስ ትሰፋለታለች። የወላጅ ትእዛዝም እንዲሁ በልጁ ቁመት ልክ ሊሰፋ ይገባዋል። የ5 ዓመቱ ሕፃን የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ ቢቆም ይበቃዋል። የ10 ዓመቱ ግን ዲያቆኑ ምን እንዳነበበ፣ ካህኑም ስለ ምን እንዳጠነ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ሰው ያስፈልገዋል፤ መልስ ያጣ ልጅ መጠየቁን ይተዋል፣ ከዚያም መምጣቱን። የ16 ዓመቱን ጎረምሳ እየጎተቱ ማምጣትማ የሕፃንነቱን ልብስ በግድ ማልበስ ነው፤ መቀደዱ አይቀርም።

ታዲያ ለእርሱ ምን ቀረለት? ሳሙኤልን ወደ ሴሎ ያደረሰችው እናቱ ናት፤ በሌሊት በተጠራ ጊዜ ግን ሐና በዚያ አልነበረችም፤ ለጠራው የመለሰ ራሱ ብላቴናው ነው። እንግዲህ «በቤታችን እስካለህ ድረስ በሰንበት ከእኛ ጋር ታስቀድሳለህ» ማለት የወላጅ ሥልጣን ነው። ተናዘዝ፣ ዛሬ ቍረብ ብሎ ማስገደድ ግን አይደለም፤ ያለ ፈቃድ የተነገረ ኑዛዜ ኑዛዜ አይባልምና። ለበዓል ክብር ሲባል ልጁን ወደ ንስሐ አባቱ ገፍቶ የሚያቀርብ ወላጅም፣ ዝም ብሎ የሚቀበል ካህንም በምሥጢሩ ላይ ይደፍራሉ።

«ከእኛ ጋር» ማለታችንም ይስተዋል። ልጁን «ሂድ» ብሎ ልኮ በቤቱ የሚቀመጥ አባት፣ ቤተ ክርስቲያን ሲያድጉ የሚተዉት የሕፃናት ነገር እንደ ሆነች አስተምሮታል።

የካህኑ የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ከእግዚአብሔር ቤት ርቀው አያውቁም ነበር፤ እግዚአብሔርን ግን አላወቁም፤ አባታቸውም በቃል ወቀሳቸው እንጂ አልከለከላቸውም። ይህ ከሁሉ አስቀድሞ እኛን ካህናትን ይመለከታል። በቅዳሴ መካከል ሕፃን ሲያለቅስ በእናቲቱ ላይ የምናፈጥ፣ በቅጽሩ የሚሯሯጡትንም ልጆች በመቋሚያ የምናባርር ጥቂቶች አይደለንም። ያች እናት በሚቀጥለው ሰንበት ከቤቷ ብትቀር፣ ልጇ ሲያድግ ለምን አልመጣም ብለን የምንጠይቀው ማንን ነው?