መሣሪያ ጧሪ ይሆናልን?

በቋንቋችን ልጅ ለወላጁ የሚከፍለው ውለታ «ጧሪ ቀባሪ» በሚሉት ሁለት ቃላት ይጠቃለላል። ጧሪ ማለት እንጀራ የሚያቀርብ ብቻ አይደለም፤ አጠገብ ተቀምጦ የሚያጫውት፣ መቶ ጊዜ የተነገረውንም ታሪክ እንደ አዲስ የሚሰማ ጭምር ነው እንጂ። በዘመናችን ግን ከዚህ ሥራ አንዱን ክፍል፣ ማለት ማጫወቱን፣ ለመሣሪያ መስጠት ተጀምሯል። ነገሩ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ይህን ጥያቄ በጥቂቱ ልንመረምረው እንወዳለን።

በጃፓን አገር ከአራት ሰው ከአንድ በላይ የሚሆነው ዕድሜው ከ65 ዓመት ያለፈ ነው። በዚሁ አገር ታካኖሪ ሺባታ የተባሉ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምረው ደክመው «ፓሮ» የተባለውን ሮቦት ሠርተዋል። ፓሮ በበረዶና በቀዝቃዛ ባሕር የሚኖር የአንድ ነጭ ጠጕራም እንስሳ ግልገል ይመስላል። ሲዳብሱት ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ሲሰማ ራሱን ያዞራል። በውሻ ወይም በድመት አምሳል ያልተሠራውም በብልሃት ነው፤ ሁለቱን ሁሉም ያውቃቸዋልና ሐሰተኛውን ከእውነተኛው እያስተያየ ይንቀዋል፤ ቀርቦ ያላየውን እንስሳ ግን ከምን ጋር ያስተያየዋል? የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ፓሮን ከሕክምና መሣሪያዎች ተራ አስገብቶታል። በኒው ዮርክ ግዛትም የአረጋውያን ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ብቸኝነት ለበዛባቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዋጋቸው የቀለለ የድመትና የውሻ አምሳያዎችን ማደል ጀምሯል።

ጥቅሙን መካድ አይገባም። የመርሳት በሽታ ከያዛቸው አረጋውያን መካከል ይህን አምሳያ ታቅፈው የሚረጋጉ፣ ዝምታቸውንም ትተው የሚናገሩ አሉ። እውነተኛ ውሻ መመገብና መታጠብ ይፈልጋል፤ ይነክሳል፤ እግር ሥር ገብቶም ደካማውን ሰው ይጥላል። መሣሪያው ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው።

በሌላ ወገን አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ሮበርት ስፓሮው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጽሑፍ ነገሩን ነቅፈውታል። እንደ እርሳቸው አሳብ፣ ሰው ከእንዲህ ያለው መሣሪያ ደስታ የሚያገኘው ራሱን ሲያታልል ነው፤ ዓለምን እንዳለች ማወቅ ደግሞ ግዴታችን ነው። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ሁሉን የሚያጠቃልል አይመስለንም። የሟች እናቱን ፎቶግራፍ የሚስም ሰው የሳመው ወረቀት መሆኑን አልዘነጋም። እንዲሁም ባትሪ መሆኑን እያወቀ አምሳያውን የሚዳብስ ሽማግሌ አልተታለለም። ሕመም ማስተዋሉን የወሰደበትን ሰው ግን «ሕያው ነው» ብሎ መንገር ውሸት ነው፤ ደካማን መዋሸት ደግሞ ብርቱን ከመዋሸት የባሰ ነው።

የመሣሪያውን ወሰን ከሌላ ታሪክ እንረዳለን። ሶኒ የተባለው ኩባንያ «አይቦ» የተባለውን የውሻ ሮቦት እ.ኤ.አ. በ1999 አውጥቶ በ2006 መሥራቱን አቆመ፤ በ2014 ደግሞ ጥገናውን ተወ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በኢሱሚ ከተማ በሚገኘው በኮፉኩጂ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ለተበላሹት ውሾች የስንብት ጸሎት ተደርጎላቸዋል፤ ከጸሎቱም በኋላ ክፍሎቻቸው ለሌሎቹ መጠገኛ ሆነዋል። በዚህ መሳቅ አይገባም፤ ያዘኑት ሰዎች ኀዘን እውነተኛ ነው። ነገር ግን እናስተውል፤ ሰው ለመሣሪያው አለቀሰ፣ መሣሪያው ግን ለሰው ሊያለቅስ አይችልም። እንግዲህ ቀባሪ ያልሆነ እንዴት ጧሪ ይባላል?

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። ሽማግሌ የሚሻው መወደድን ብቻ አይደለም፤ ለሌላው መትረፍንም ነው። ጕልበቱ ሲደክም የሚቀረው ሀብት ምክርና ምርቃት ነው። ምክር የሚሰማውን፣ ምርቃትም የሚቀበለውን ሰው ይፈልጋል። መሣሪያው «አሜን» እንዲል ቢደረግ እንኳ ምርቃቱ የሚያርፍበት ሕይወት የለውም። ተቀባይ የሌለው ሽማግሌ እየበላና እየጠጣ ይደኸያል።

ስለዚህ በደሉ ያለው በመሣሪያውም በሽማግሌውም አይደለም፤ ሰጥቶ ዕዳውን የከፈለ በሚመስለው ሰው ነው። ልጅ አምሳያውን ይዞ መጥቶ ከወላጁ ጋር ቢስቅበት ስጦታ ነው፤ በራሱ ፈንታ ልኮት ቢቀር ግን ከልጅነት የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ ነው። ለመሥሪያ ቤትም ፍርዱ ያው ነው። ስንት መሣሪያ እንደ ታደለ በሪፖርት መጻፍ ቀላል ነው፤ የስንት ሽማግሌ በር እንደ ተንኳኳ ግን ማን ይቈጥራል?

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ ቤቱ ይመልከት። ከውጭ አገር በየወሩ የሚላክ ገንዘብና ቀኑን ሙሉ የሚለፈልፍ ቴሌቪዥንም፣ ድምፅ ካልተከተላቸው፣ ጠጕር የሌላቸው አምሳያዎች ናቸው። ገንዘቡ ይላክ፤ ቴሌቪዥኑም ይከፈት፤ ነገር ግን ሽማግሌው እጁን ለምርቃት ሲያነሣ ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚቀበል ሰው ከፊቱ አይጥፋ።