ለሚፈራ ተማሪ የተጻፈ ምክር

ወዳጄ ሆይ፤ ዕድሜህ ከገፋ በኋላ ያቋረጥኸውን ትምህርት ልትፈጽም ወደ ማታ ትምህርት ቤት ተመልሰህ ይሆናል። ቀን በሥራ ውለህ ማታ ከልጆችህ እኩዮች ጋር በአንድ ወንበር ትቀመጣለህ። ነገር ግን መምህሩ ስምህን በጠራ ጊዜ ልብህ ይመታል፥ እጅህ ይንቀጠቀጣል፥ እስትንፋስህ ያጥራል፤ ያጠናኸውም ሁሉ ከአሳብህ ይጠፋል። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ደርሰህ የተመለስህበት ማታ ብዙ ነው።

ይህን ነገር አንዳንዱ ስንፍና፥ አንዳንዱም የእምነት ጉድለት ይለዋል። ሁለቱም ስተዋል። እንዲህ ያለው ፍርሃት ሳይለቅ ሲቆይና ሰውን ከሥራው ሲከለክል ሐኪሞች የጭንቀት ሕመም የሚሉት ደዌ ነው። መታመምም ኃጢአት አይደለም።

የነቢዩን የኤልያስን ነገር አስብ። በቀርሜሎስ ተራራ በሕዝብ ሁሉ ፊት ያልፈራው ሰው የኤልዛቤልን ዛቻ በሰማ ጊዜ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፥ ሞትንም ለመነ። መልአኩ ግን አልገሠጸውም፤ ከእንቅልፉ ቀስቅሶ እንጎቻና ውሃ ሰጠው። ደግሞ ተኛ፥ ዳግመኛም አበላው። አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ወደ ኮሬብ የሄደው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ አንተም እንቅልፍህንና ምግብህን አታቃልል፤ የመንገዱ ስንቅ ናቸውና።

ፍርሃት የሚያድገው በመሸሽ ነው። ከደጁ በተመለስህ ጊዜ ለዚያች ማታ ዕረፍት ታገኛለህ፤ ነገር ግን ልብህ፦ ያዳነኝ መሸሼ ነው ብሎ ይማራል፥ በማግሥቱም ደጁ ከትናንት ይልቅ ያስፈራሃል። ስለዚህ ጥቂት በጥቂት ቅረብ። ዛሬ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጥ፥ ሌላ ቀን አንድ ጥያቄ መልስ፤ ፍርሃቱ እስኪበርድም ድረስ ከቦታህ አትነሣ። ሐኪሞችም በምክር ሲያክሙ በዚህ መንገድ ይመራሉ፤ ለሚያስፈልገውም መድኃኒት ይሰጣሉ። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሄደህ ሕመምህን ለመናገር አትፈር። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም፤ የጳውሎስ የሥራ ባልደረባ ሉቃስ ሐኪም ነበረና።

ፈተናውንም ብትወድቅ ተስፋ አትቁረጥ። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከ100 ሰው 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ይህ ሕመም ሳይኖርባቸው የወደቁ ብዙዎች ናቸው፤ መውደቅ የአንተ ብቻ ነውር አይደለም።

አንተም ጤነኛው አንባቢ ሆይ፤ ጎልማሳ ተማሪ ባየህ ጊዜ ካረጁ አይበጁ እያልህ አትዘብት። ሙሴ በፈርዖን ፊት በቆመ ጊዜ የ80 ዓመት ሰው ነበረ፤ መናገርም ስለ ከበደው እግዚአብሔር ወንድሙን አሮንን ረዳት አድርጎ ሰጠው። አንተም ለጎረቤትህ አሮን ሁንለት፤ እስከ ደጁ ሸኘው፥ ያመለጠውን ትምህርት አስጠናው፥ ሲወጣም ጠብቀው።

ወዳጄ ሆይ፤ ፍርሃትህ እስኪጠፋ ድረስ አትጠብቅ፥ ከነፍርሃትህ ሂድ እንጂ። ኤልያስን በምድረ በዳ ያልተወ አምላክ አንተንም በትምህርት ቤቱ ደጅ አይተውህም። አሜን።