ትከሻና ዝምታ

ካዛንቺስ ታክሲ ስሳፈር ሰው አጠገቤ መቀመጥ ያመነታል። ትከሻዬ ሰፊ፣ ፊቴም ቶሎ የማይፈታ ነው። «ኩራቱ!» ይሉኛል፤ ዓይናፋርነቴን ማን ይጠርጥር?

ይህ ግን የግዙፍ ሰው ዕዳ ብቻ አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰውነታቸው ደቃቃ፣ ስሜታቸው ከፊታቸው የማይነበብ ነበር። በግንቦት 1955 ዓ.ም. እዚሁ ቂርቆስ፣ አፍሪካ አዳራሽ፣ የአፍሪካን መሪዎች ሲያስተናግዱ ያ ዝግ ፊት ግርማ ተባለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ወሎ ሲራብ፣ ያው ፊት በተማሪው ዘንድ ጭካኔ ተባለ። ፊቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከባለፊቱ የሚጠበቀው ቃል ነው።

ታዲያ ወዳጄ፣ ተመልካቹን ብቻ እንውቀስ? ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን ልጃቸው ሲሞትባቸው ድንኳኑ ጥግ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ውስጤ ግን ይነድ ነበር። ከሰልስቱ በኋላ «አንተስ ልጄ፣ አላዘንክልኝም» አሉኝ። ምን ልመልስ? ትከሻውን እግዚአብሔር ሰጠኝ፤ ዝምታውን ግን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ሰው ሆዴን ከፍቶ አያይ! እኔ ካልተናገርኩ በትከሻዬ ቢፈርድብኝ ምን ይደንቃል? «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ለማለት ምን ገዶኝ ነበር?